የሚያንጠባጥበው የቄስ ቤት

ሌላው ሰው አሜሪካ ውስጥ ቤት ሲገዛ ጋራዥ እንዳለው፣ ጓሮው እንደሚሰፋ፣ ጥሩ ትምህርት ቤት እንደሚቀርበው አይቶ ነው። አባቴ የቄስ ቤት ገዛ። ያውም የፈረንጅ ቄስ።

ቤቱ አሁንም ኦክላንድ ውስጥ አለ። የተሠራው አካባቢው ገና የራሱ ስም ያለው መንደር ሳለ፣ ዙሪያው ሁሉ የፍራፍሬ እርሻ በነበረበት ዘመን፣ አጠገቡ ለነበረው ትንሽ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቄሶች መኖሪያ ተብሎ ነው። ከዚያ ከተማው እየሰፋ መጥቶ መንደሩን ዋጠው። ምእመናኑ አንድ በአንድ ሰፈር ለቀቁ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ተዘጋ፣ ቆይቶም ፈረሰና ቦታው ላይ አፓርታማ ተሠራ። የተረፈው የቄሶቹ ቤት ብቻ ነው። የመጨረሻው ነዋሪ ፋዘር ኮነሊ እርጅና ተጫጭኗቸው መጦሪያ ሲገቡ አንድ የጥርስ ሐኪም ገዛው። ሐኪሙ ደግሞ ሚስቱ «እዚህ ቤት ውስጥ እንደ ልቤ መሳደብ አልቻልኩም» እያለች ስላስቸገረችው ለአባቴ ሸጠለት።

የቄስ ቤት መሆኑን ለማወቅ ነጋሪ አያስፈልግም ነበር። የፊት በሩ ሁለት ነው፤ አንዱ የቤቱ፣ አንዱ የቢሮው። ምክር ፈልጎ የመጣ ሰው የቄሱን ወጥ ቤት ሳያይ ገብቶ እንዲወጣ ታስቦ ነው። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ትልቅ መስቀል ተሰቅሎበት የነበረው ቦታ ከሌላው ነጣ ብሎ ይታያል። አባቴ ሁለት ጊዜ ቀለም ቀባው፣ ሁለቱንም ጊዜ ተመልሶ ብቅ አለ። ከሁሉም የሚገርመው ግን ፎቅ ላይ ነው። እያንዳንዱ መኝታ ቤት የራሱ የእጅ መታጠቢያ ሲንክ አለው። ቄሶቹ ጠዋት ለቅዳሴ ሲጣደፉ አንድ ቧንቧ ላይ እንዳይሻሙ ይመስለኛል። አባቴ ቤታችን የመጣን እንግዳ ሁሉ ፎቅ አውጥቶ ሲንክ ያስጎበኝ ነበር።

እናቴ ፅጌረዳ ደግሞ ቤቱን እንደገዛነው ሳይሆን በአደራ እንደተቀበልነው ነበር የምታየው። በቄሱ ቢሮ ውስጥ ረቡዕና ዓርብ ሥጋ መብላት ከለከለች።

«የካቶሊክ ቄስ እኮ ናቸው። ሰውየው ራሳቸው ረቡዕ ስቴክ ይበሉ ነበር» አላት አባቴ።

«እሳቸው ይብሉ። ካህን ናቸው፣ የሚያደርጉትን ያውቃሉ። አንተ ግን አትበላም።»

እኔ ያኔ ስምንት ዓመቴ ነው። ስሜ ዮዳሄ ነው፣ ቤት ውስጥ ዮዲ ይሉኛል። አማርኛ እሰማለሁ፣ የምመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነበር። የምተኛው ከአክስቴ ከእታገኝ ጋር ነው። እቴቴ ነው የምላት። ለአባቴ ታላቅ እህቱ ናት፤ እናታቸው ስትሞት እሱ ዘጠኝ፣ እሷ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። አብልታ፣ አልብሳ፣ ጆሮውን እየቆነጠጠች አስተምራ ለወግ አበቃችው። እሱ ደግሞ አሜሪካ ገብቶ፣ አግብቶ፣ ሲወልድ ወረቀቷን ጨርሶ አስመጣት። አስመጥቷትም በተራዋ ታርፍ መሰላችሁ? እኔን ሰጣት።

እቴቴ ቀን ቀን አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ትሠራለች፤ ከዚያ ስትመለስ የእኔ ነበረች። ፀጉሬን ትሠራለች፣ የቤት ሥራዬን በማታውቀው እንግሊዝኛ ትቆጣጠራለች፣ ስተኛ ጀርባዬን ታሻለች። አባቴም ጠዋት ከአልጋው ሳይወርድ «እትዬ! ካልሲዬ የት ነው?» ይላል። የአርባ አንድ ዓመት ሴት የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ካልሲ ፈልጋ ትሰጣለች። ያኔ ይህ ሁሉ እንደ ቧንቧ ውኃ ራሱ የሚመጣ ነገር ይመስለኝ ነበር።

የቧንቧው ነገር የጀመረው በገባን በሁለተኛው ክረምት ነው። አንድ ዓርብ የእኛ መኝታ ቤት ሲንክ ከሥሩ ማንጠባጠብ ጀመረ። እናቴ የምታውቀው የሳን ሆዜ ሰው ነበር፤ እምሩ ይባላል፣ ፕላምበር ነው። ቅዳሜ ጠዋት በነጭ ቫን መጣ፣ ሠራው፣ ምሳ በልቶ ሄደ። በሚቀጥለው ዓርብ የእንግዳ ቤቱ ሲንክ አፈሰሰ።

«እትዬ፣ ደግሞ ሌላው ሊክ አደረገ?» ይላል አባቴ።

«አደረገ።»

«እምሩን ኮል አድርጊዋ!»

እምሩ ከሳን ሆዜ ኦክላንድ ድረስ አንድ ሰዓት ያህል ነድቶ ለአንድ ሲንክ ይመጣል። አባቴ «ሥራውን እንደዚህ የሚወድ ሰው አይቼ አላውቅም» እያለ ያደንቀዋል። ሰውየው ሲንኩ ሥር ይገባና እግሩ ብቻ ይታያል፤ እቴቴ አጠገቡ ተንበርክካ ባትሪ ታበራለታለች። መጀመሪያ ሰሞን «አቶ እምሩ፣ ውኃ ይጠጣሉ?» ነበር የምትለው። ሦስተኛው ሲንክ ላይ «ተነስ ብላ፣ ሳይበርድ» ሆነ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ፣ አንዳንዴ ከሲንኩ ሥር ሳቅ ይሰማል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሳያቸው፣ ሁለት ትልልቅ ሰዎች አንድ ከባድ በሽተኛ እያስታመሙ ይመስሉኝ ነበር።

አሁን ሳስበው፣ አንድ ቤት ውስጥ ያሉ ሲንኮች ተራ ጠብቀው፣ ያውም ዓርብ ዓርብ እየጠበቁ ሊበላሹ አይችሉም። ካደግሁ በኋላ እቴቴ ራሷ ነገረችኝ፤ ከሁለተኛው ሲንክ ጀምሮ ቧንቧውን የምታላላው እሷ ነበረች፤ መፍቻውን የሰረቀችውም ከእምሩ የመሣሪያ ሳጥን ነው። እሱም በመጀመሪያው ሳምንት መፍቻው እንደጠፋ አውቋል፤ ሁለተኛው ሲንክ ላይ የገዛ መፍቻውን ጭረት አይቶ ማን እንደወሰደው ገብቶታል። አልጠየቃትም። አዲስ ገዛ።

እኔ ግን ያኔ ምክንያቱን ከሌላ ሰው ነው የሰማሁት። ከቤታችን ፊት ለፊት ቲና የምትባል አሮጊት ትኖር ነበር። በፋዘር ኮነሊ ጊዜ ቤቱን የምትጠብቅ፣ ምግባቸውን የምታበስል፣ ስልክ የምታነሳ እሷ ነበረች። ከጓሮዋ ሎሚ እየለቀመች ታመጣልናለች፤ ሎሚውን ስታቀብል ግን ዓይኗ ቤቱን ይዞራል። መጋረጃው መቀየሩን፣ ምንጣፉ መነሳቱን ታያለች፣ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ትስባለች።

«በፋዘር ኮነሊ ጊዜ ይህ ቤት አንዲት ጠብታ አፍስሶ አያውቅም» አለችኝ አንድ ቀን።

«ታዲያ አሁን ለምንድነው የሚያፈሰው?»

«እንጃ። ምናልባት እሳቸው ቤቱን ናፍቀው ይሆናል።» የበሩን መቃን በእጇ ዳበስ አደረገች። «ማንም ይግዛው ማን፣ ይህ ምንጊዜም የቤተ ክርስቲያን ቤት ነው።»

ምስኪን ቲና የምታወራው ስለ ትዝታዋ ነበር። እኔ ስለ ሕግ መሰለኝ። ነገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባኝ። ፋዘር ኮነሊ ቤታቸውን ይፈልጋሉ፤ ለዚህ ነው በየሲንኩ የሚያለቅሱት። አንድ ቀን ቄሶች ይመጡና ያስወጡናል። ይህን ጉድ ተሸክሜ ትምህርት ቤት እሄድ ነበር።

በዚያው ሰሞን ከትምህርት ቤት ገብቼ ጫማዬን ስፈታ እናቴና እቴቴ ወጥ ቤት ሲንሾካሾኩ ሰማሁ።

«ቅዳሜ ይመጣሉ» አለች እቴቴ።

«ቄሱም አሉበት?»

«አሉበት። ቄስ ቆሞ እያየው እምቢ ለማለት ያፍር ይሆናል ብለን ነው።»

«ባሱን ታውቂው የለ፣ እትዬ። ባይሰጥስ?»

ባሱ አባቴ ነው፣ ባስልኤል። እቴቴ ሽንኩርት መክተፏን አቆመች። «እንግዲህ እግዜር ያውቃል» አለችና ቢላዋውን አነሳች።

እኔ ኮሪደር ላይ አንድ እግሬ ጫማ እንዳደረገ ደርቄ ቀረሁ። የፈራሁት መጣ።

እነሱ የሚያወሩት ስለ ቤቱ አልነበረም። እምሩ ሽማግሌ ሊልክ ነበር። ለእቴቴ ሽማግሌ ሲላክ ይህ ሦስተኛው ነው። የመጀመሪያው አዲስ አበባ ነው፤ አባቴ ገና ተማሪ ነበርና «ትተሽኝ ልትሄጂ ነው?» ብሎ ሲያለቅስ እሷው ራሷ «ይቅርብኝ» አለች። ሁለተኛው እዚሁ ኦክላንድ ነው፤ አባቴ «ልጅቷ ትንሽ ከፍ ትበል» ብሎ ሽማግሌዎቹን መለሰ። ልጅቷ እኔ ነኝ። እቴቴ ያን ቀንም ዝም አለች። እንግዲህ ሦስተኛውን ከመለሰ አራተኛ የሚልክ እንደማይኖር ከእኔና ከአባቴ በቀር ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ያውቃል። አባቴማ ጭራሽ ሽማግሌ መምጣቱንም አያውቅም። ሊያውቅ የሚችለው ስለ ሲንክ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ደረሰ። ዓርብ የትኛውም ሲንክ አላፈሰሰም፤ የእምሩ ቫንም አልመጣም። ፋዘር ኮነሊ ማልቀስ ያቆሙት ሰዎቻቸው መንገድ ላይ ስለሆኑ ነው ብዬ አሰብኩ። እናቴ በግድ ቀሚስ አለበሰችኝ። ይመጣል ላልተባለ እንግዳ የሚበቃ ዶሮ ተሠርቷል። አባቴ ቁምጣ ለብሶ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ኳስ ያያል።

የበሩ ደወል ሲጮኽ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ነበር። አባቴ ከፈተ። ሦስት ሰዎች ናቸው። ሁለቱ ጥቁር ሱፍ ለብሰዋል። ሦስተኛው ጥቁር ካባ የደረቡ፣ ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ፣ በእጃቸው መስቀል የያዙ ቄስ ናቸው። እናቴ ከወጥ ቤት ሮጣ ወጥታ መስቀል ተሳለመች። አባቴ አንዴ መስቀሉን፣ አንዴ ቁምጣውን እያየ እሱም ተሳለመ።

«ግቡ፣ ግቡ! ተቀመጡ እንጂ» አለ ቴሌቪዥኑን እያጠፋ።

አልተቀመጡም። ሳሎኑ መሐል ተሰልፈው ቆሙ።

«ኧረ ተቀመጡ፣ በእናታችሁ!»

«ቆመን ነው የምንናገረው» አሉ መሐል ያሉት። ጋሽ ሳህሉ ይባላሉ፤ በጃንሆይ ጊዜ ለትምህርት መጥተው ሳን ሆዜ ፕሮፌሰር ሆነው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሲናገሩ ክፍል ሙሉ ተማሪ ያለ ይመስላቸዋል።

ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገርና እሺታ ሳያገኝ እንደማይቀመጥ ማን ይንገረኝ? እኔ የማውቀው የአሜሪካኑን ነው። አሜሪካ ውስጥ «ተቀመጥ» ሲባል የማይቀመጥ ሰው ወይ ፖሊስ ነው፣ ወይ ከቤት ሊያስወጣ የመጣ ነው። አጠገቤ ወደ ቆመችው እናቴ ጠጋ ብዬ «ማሚ፣ ኋይ ዶንት ዘይ ሲት?» ብላት አፌን በእጇ ያዘችው።

ቄሱ፣ ቀሲስ ዓባይነህ፣ ዙሪያውን ሲቃኙ ግድግዳው ላይ የነጣውን መስቀል አዩት። አማተቡ። «የእግዚአብሔር ሰው የኖረበት ቤት መሆኑ ያስታውቃል» አሉ። አለቀልን፣ አወቁት።

«ልጅ ባስልኤል» ብለው ጀመሩ ጋሽ ሳህሉ፣ «ቤትህ ያማረ ቤት ነው። ሰው ያማረ ነገር ባለበት ነው የሚያንኳኳው። እኛም ከዚህ ቤት የምንፈልገው አንድ ክቡር ነገር አለ። እንድትሰጠን ለምነን፣ አማላጅ ይዘን ነው የመጣነው።» ይህ መግቢያቸው ነበር። ንግግሩ ገና ምዕራብ ምሥራቁን ይዞር ነበር፣ ስም ጋ ሊደርስ ብዙ ይቀረዋል።

አባቴ ግን ገባው። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። ቀና ብሎ ፎቁን አየ፣ ከዚያ ወለሉን። አባቴን እንደዚያ ፈርቶ አይቼው አላውቅም።

«ጋሼ… የመጣችሁበት ገብቶኛል። ክብር ነው። ግን… አሁን ጊዜው አይደለም። ከገባን ገና ሁለት ዓመት አልሞላንም። ልጅቷም ትንሽ ናት፣ ቤቱም እንደምታዩት…» እጁን ወደ ግድግዳው ዘረጋ።

«እምቢ አትበለን፣ ልጄ» አሉ ቀሲስ።

አባቴ መልሱን ሊናገር አየር ሳበ። በዚያች ቅጽበት እኔ ደረጃው ላይ ሆኜ በፍጥነት አስብ ነበር። ከቤቱ ይልቅ ምን ብንሰጣቸው ይሄዱልናል? ቴሌቪዥኑ አሮጌ ነው። የእኔ ብስክሌት ትንሽ ናት። ቄስ ምን ይፈልጋል? ቲና! ፋዘር ኮነሊ የምታበስልላቸው፣ ስልክ የምታነሳላቸው ቲና ነበረቻቸው። ለእነዚህኞቹም እንደዚያ ያለች ሰው ብንሰጣቸውስ? ለዚያ ደግሞ ከእቴቴ የሚሻል ሰው የለም። ቲና አመሻሽ ላይ ቤቷ ትመለስ ስለነበር እቴቴም ለእራት ትደርሳለች።

የእናቴን እጅ ገፍቼ ደረጃውን ወረድኩና መሐላቸው ቆምኩ። ቄስ እንግሊዝኛ አይሰማም ብዬ በአማርኛ ነው የተናገርኩት።

«ቤቱን ተዉልን! አክስቴን ውሰዷት! እቴቴን! በጣም ጎበዝ ናት!»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። ከዚያ እስካሁን ቃል ያልተነፈሱት ሦስተኛው ሽማግሌ፣ ጋሽ ጉዲና፣ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቃቸው ፈንድቶ እንባቸውን እየጠረጉ ሄደው ሶፋው ላይ ዘፍ አሉ።

«በቃ፣ ተሰጠን!» አሉ። «የቤቱ ባለቤት ሰጠችን። ቀሲስ፣ ይቀመጡ!»

ቀሲስም ካባቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። ጋሽ ሳህሉ ብቻ ንግግራቸው ሳያልቅ ጣታቸውን እንዳነሱ መሐል ቀሩ። ምስኪን፣ ሳምንቱን ሙሉ ነበር የተዘጋጁበት።

አባቴ አልሳቀም። ዞር ሲል እቴቴ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ንጹሕ ነጭ ቀሚስ ለብሳለች፣ እጇ ላይ ምንም አልያዘችም። እሱ አያት፣ እሷም አየችው።

«እትዬ» አላት ቀስ ብሎ፣ «ትፈልጊዋለሽ?»

በሕይወቷ ይህን የጠየቃት የመጀመሪያው ሰው እሱ መሆኑን ያኔ አላወቅሁም። ያየሁት አንገቷን ቀና ማድረጓን ነው።

«እፈልገዋለሁ፣ ባሱ።»

አባቴ ወደ ጋሽ ሳህሉ ዞረና «ይቀመጡ፣ ጋሼ» አለ። ከዚያ ቁምጣውን እንደለበሰ፣ በሰው ፊት፣ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ቤቱ በመትረፉ የደስታ ለቅሶ ነው ብዬ ጀርባውን መታ መታ አደረግሁለት። ቀሲስ በመስቀላቸው ግንባሬን ዳሰሱና መረቁኝ። ዶሮው ቀረበ። እኔ የማውቀው የሚያኮራ ሥራ መሥራቴን ብቻ ነው።

ማታ አልጋ ላይ «እቴቴ፣ ከሥራሽ ስንት ሰዓት ነው የምትመለሺው?» ብዬ ጠየቅኋት። ነገሩን አብራራችልኝ። ባል፣ ሠርግ፣ ሳን ሆዜ። አላመንኳትም። ሠርጉ አልቆ ልብሷ ከቁም ሣጥኑ ሲወጣ ነው ያመንኩት። ለብዙ ጊዜ ጀርባዬን የሚያሻኝ አጥቼ በደረቴ ተኛሁ። በጣም ናፈቀችኝ። አባቴ ደግሞ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሳን ሆዜ የሚያስኬድ ምክንያት ይፈጥራል። «ጋዝ እዚያ ይረክሳል» ይል ነበር፣ ባይረክስም።

ባለፈው ወር ሦስታችን ኦክላንድ መሐል፣ አፕታውን ምሳ ልንበላ ተቀጣጠርን። አባቴ በሩ ላይ አወረደንና ፓርኪንግ ፍለጋ ሄደ። እቴቴ አሁን ስልሳን አልፋለች። ሜኑውን ከዓይኗ አርቃ እያነበበች ሳለ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ጠይቄያት የማላውቀውን ጠየቅኋት።

«እቴቴ፣ ያን ቀን አባዬ እምቢ ቢል ኖሮ ምን ታደርጊ ነበር?»

ሜኑውን አስቀመጠችው። አስተናጋጇ መራቋን አየች።

«ሻንጣዬ እምሩ መኪና ውስጥ ነበር» አለች።

«ምን?»

«ዓርብ ከሥራ ስወጣ ነው የሰጠሁት። ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ሲገቡ እሱ ጥግ ላይ፣ ቫኑ ውስጥ ይጠብቀኝ ነበር። ሞተሩን አላጠፋም። ባሱ እምቢ ካለ በጓሮ በር ልወጣ ነበር።»

ሃያ ዓመት ሙሉ «እህቴን የዳረቻት ይህች ናት» እየተባለ በየሠርጉ፣ በየክርስትናው ስሞገስ ኖሬያለሁ። ለካስ ሙሽራዋ ራሷን ድራ ጨርሳ ነበር።

«ታዲያ እኔ ምንም አላደረግሁማ» አልኳት።

ከት ብላ ልትስቅ ነው ብዬ ስጠብቅ ዓይኗ ውኃ ሞላ። እጄን በጠረጴዛው ሥር ያዘችው።

«ባልማ ነበረኝ፣ ዮዲዬ። ግን እንደዚያ ብወጣ ባሱ ቤቴን አይረግጥም ነበር። አውቀዋለሁ፣ እኔ ነኝ ያሳደግሁት። እኔም ተመልሼ አላንኳኳም ነበር። እኔንም ታውቂኛለሽ። አንቺ ያተረፍሽልኝ ወንድሜን ነው።»

ይሄኔ አባቴ እያለከለከ ገባ። መኪናውን ራቅ ብሎ ሌክ ሜሪት ሐይቅ አካባቢ አቁሞ ነው በእግሩ የመጣው። ከእህቱ ጎን ተቀመጠና ውኃዋን አንስቶ ጠጣው። «ምንድነው እንደዚህ ያፈጠጣችሁት?» አለ።

«እያማንህ ነው» አለችው እቴቴ። ላቡን በናፕኪን ጠረገችለት።

አስተናጋጇ ስትመጣ አባቴ ምግብ ከማዘዙ በፊት ወደ እኔ ጠቆማት። ሐበሻ መሆኗን አይቷል፣ ከዚህ በላይ ምክንያት አያስፈልገውም። «ይህችን ልጅ ታያታለሽ? የስምንት ዓመት ልጅ ሆና እህቴን የዳረቻት እሷ ናት። እኔ እኮ እምቢ ልል ነበር!»

«እውነቱን ነው?» አለችኝ ልጅቷ እየሳቀች።

እቴቴ በጠረጴዛው ሥር እጄን እንደያዘች ናት። ጫን አደረገችው።

«እውነቱን ነው» አልኳት።